መልስ፦ ሞዴሉ አዲስ የወርቅ ናኖቅንጣት ላይ ለምን ይስታል?

በ60 የሲትሬት ውህደቶች (የወርቅ ጨው በሲትሬት ወደ ናኖቅንጣት የሚለወጥባቸው ሙከራዎች) ያሠለጠኑት ኒውራል ኔትወርክ በፈተና 0.97 አር ስኩዌር (1 ፍጹም ግምት የሆነበት መለኪያ) አሳይቶ፣ አዲስ ውህደት ላይ የቅንጣቱን መጠን ሳተ ብለዋል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዳታ አከፋፈሉ ነው። ከአንድ ብልቃጥ የተለኩ ቅንጣቶች ገሚሱ ለሥልጠና፣ ገሚሱ ለፈተና ከገቡ ሞዴሉ ብልቃጡን ሸምድዷል እንጂ ኬሚስትሪውን አልተማረም። በሳይኪት ለርን (የፓይተን የማሽን ለርኒንግ ላይብረሪ) ያለውን ግሩፕ ኬ ፎልድ ይጠቀሙ፤ ይህ የአንድ ቡድን ዳታ ለሥልጠናና ለፈተና እንዳይከፈል ያደርጋል፤ መለያው የውህደቱ ቁጥር ይሁን። ውጤቱ ሊያሽቆለቁል ይችላል፤ የሚታመነው ግን እሱ ነው።

መጠኑን በምን ለኩት? ዲኤልኤስ (በብርሃን ብተና መጠን የሚለካው ዘዴ) የሚለካው ሃይድሮዳይናሚክ ዲያሜትርን፣ ማለትም ቅንጣቱ በፈሳሽ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ያለውን ስፋት ነው። የሚበተነው ብርሃንም በዲያሜትሩ 6ኛ ርቢ ስለሚጨምር ጥቂት ትልልቅ ቅንጣቶች ውጤቱን ወደ ላይ ይጎትቱታል። ከኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ልኬት ጋር በአንድ ዓምድ አይቀላቅሉት። ከምስሉ በየውህደቱ 200 ያህል ቅንጣት ለክተው ሚዲያኑን (በቅደም ተከተል መካከል የሚውለውን ዋጋ) ይውሰዱ።

ግብዓቱ ሚሊሊትር ሳይሆን የሲትሬትና የወርቅ ሞላር ጥምርታ፣ የወርቁ ኮንሰንትሬሽን፣ ሙቀትና ፒኤች ይሁን። ሲትሬቱ ወደ ወርቁ ነው የተጨመረው ወይስ ወርቁ ወደ ሲትሬቱ? ይህም መጠኑን ስለሚቀይር ይመዝገብ። (በአኳ ሬጂያ፣ ማለትም ወርቅን በሚያሟሟው የአሲድ ድብልቅ፣ ያልታጠበ ብልቃጥ የሚያመጣውን ብጥብጥ ግን የትኛውም ሞዴል አያስተካክለውም።)

ለ60 መስመር ዳታ ኒውራል ኔትወርክ ይበዛል። ጋውሲያን ፕሮሰስ (ለጥቂት ዳታ የሚስማማ ሞዴል) በማተርን ከርነል (የነጥቦችን ተመሳሳይነት በሚወስን ቀመር) ይሞክሩ፤ ከግምቱ ጋር እርግጠኛ ያልሆነበትን ስፋት ስለሚሰጥ ቀጣዩን ሙከራ ስፋቱ በበዛበት ቦታ ያድርጉ። ከዚያ በፊት አንዱን አሠራር ሳይቀይሩ 3 ጊዜ ይድገሙ፤ በድግግሞሾቹ መካከል የታየውን ልዩነት ቫሪያንስ (የመበታተን ልክ) አልፋ በሚባለው የሞዴሉ ማስተካከያ ያስገቡ፤ ዒላማውን (የቅንጣቱን መጠን) ኖርማላይዝ ካደረጉ፣ ማለትም ወደ ወጥ ሚዛን ከቀየሩ፣ ቫሪያንሱንም በዚያው ሚዛን ይቀይሩ።