የተተወ የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ፦ ጠይቁ፣ ሰይድ ይመልሳል

ሰይድ (ኮምቦልቻ)፦ ስለ አየር የሚጠይቅ ይቅደም። ያለ ፈቃድ፣ ያለ ጋዝ መለኪያ ወይም ብቻውን ለመግባት ያሰበ ሰው ግን ከእኔ ምክር አይጠብቅ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ጋሽ ሰይድ፣ እህቴ አሜሪካ ሲንሲናቲ ናት። ከተማው ስር ባቡር ያልሄደበት ዋሻ አለ ትለኛለች። እውነት ነው?

ሰይድ፦ እውነት ነው። ሥራው በ1920 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። የጀልባ ቦይ ነበር፤ ውሃውን አፍስሰው መንታውን ዋሻ እዚያው ቦዩ ውስጥ ገነቡት፣ ከላይ ሰፊ መንገድ አነጠፉበት። በ1920ዎቹ መጨረሻ ገንዘቡ አልቆ ቆመ። ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ከነጣቢያዎቹ ቀርቷል፤ አንድም ተሳፋሪ አልጫነም። በ1950ዎቹ ትልቅ የውሃ መስመር ዘርግተውበታል፤ ተተወ ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ዝግ ነው፤ እህትህ አጥር እንዳትዘል። የተዘጋ ጣቢያ ማየት ካማራት ለንደን ኦልድዊች በ1994 የተዘጋው በአስጎብኚ ይታያል።

ዘይነባ፦ ደሴ ስርስ የባቡር ዋሻ አለ?

ሰይድ፦ የለም። ቀጥሎ።

አበበ፦ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ መስመር ዋሻዎችስ?

ሰይድ፦ ባለቤት አላቸው። የተተወ አይባልም። ቀጥሎ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ እሱ ደግሞ ተራራ ነው የሚበሳው፤ የምድር ውስጥ ባቡር የሚባለው ከተማ ስር ሲሄድ ነው።

አበበ፦ አዲስ አበባ ምኒልክ አደባባይ ስር ያለውስ? ከተማ አይደለም?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ እሱ ቀላል ባቡር ነው፤ ብቅ ጥልቅ ይላል።

አበበ፦ ጥልቅ ሲል የት ነው ያለው ታዲያ? ሰማይ ላይ?

ሰይድ፦ ስሙ ላይ ስትስማሙ ቀስቅሱኝ። የአየር ጥያቄ ያለው የለም?

ሹፌሩ፦ እኔ አለኝ። ባለ አራት ጋዝ መለኪያ ከጅቡቲ አመጣሁ። እዚያ 20.9 ይል የነበረው ደሴ ስከፍተው ኦክስጅን 15.4 ብሎ ይጮሃል። ተበላሽቶ ነው?

ሰይድ፦ አብሽር፣ አልተበላሸም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምፈልገው። የኦክስጅን ድርሻ ጅቡቲም ደሴም 20.9 በመቶ ነው። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አንዳንድ ሴንሰር የሚያየው ድርሻውን ሳይሆን ግፊቱን ነው፤ ያንተ ከዚያ ወገን ነው። ከዋሻው አፍና ከመኪና ጭስ ራቅ ብለህ፣ ንጹህ አየር ላይ 20.9 አድርገህ አስተካክለው።

የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው። ደሴ አስተካክለህ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ብትከፍተው 22 አልፎ ያሳይሃል። አየሩ 18 ሲደርስ እሱ 19.5 ይላል፤ መጮህ የነበረበት መሣሪያ ዝም ይላል። ስለዚህ የምትገባበት ቦታ ደርሰህ፣ እዚያው አፉ አጠገብ ሳይሆን ውጭ፣ እንደገና አስተካክል። ኦክስጅን ከ19.5 በታች፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ 35 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 35 እጅ ማለት ነው)፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ 10 ፒፒኤም፣ ተቀጣጣይ ጋዝ ከዝቅተኛው የመቀጣጠያ መጠን 10 በመቶ፤ አንዱ ከነካ ዞረህ ውጣ። በየቦታው ሦስት ጊዜ ለካ፦ እግርህ ስር፣ ወገብህ ላይ፣ ጣሪያው ስር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታች ይተኛል፣ ሚቴን ላይ ይንሳፈፋል። ሴንሰሩ ጊዜ ይፈልጋል፤ ግማሽ ደቂቃ ሳትቆም አትለፍ። ያገለገለ ከገዛህ የሴንሰሩን ዕድሜ እይ፤ ብዙዎቹ ሁለት ሦስት ዓመት ነው የሚያገለግሉት።

ዘይነባ፦ ጉድጓድ ቆፋሪዎች እኮ ሻማ አውርደው ነው የሚያዩት። ካልጠፋ ይገባሉ።

አበበ፦ ልክ ናት። አባቶቻችን በኩራዝ ነው የኖሩት።

ሹፌሩ፦ የወጡትን ነዋ የምታያቸው። ያልወጡት አይናገሩም።

ሰይድ፦ ሹፌሩ ይሻላል። ሻማ የሚጠፋው ኦክስጅን 16 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ እስከዚያ አንተ ደክመሃል፣ ማሰብም ከብዶሃል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢኖር ሻማው እያበራ አንተ ትወድቃለህ። ሚቴን ካለማ ሻማው ራሱ ነው አደጋው። አፍንጫም አያድንም፦ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፣ 100 ፒፒኤም ገደማ ሲደርስ ማሽተት ያቆማል፤ ሽታው ጠፋ ብለህ ደስ ይልሃል። አንድ ሰው ከወደቀ ተከትሎት የሚገባው ሁለተኛው ሟች ነው። አፉ ላይ የሚቀረው ሰው ሰዓት ይይዛል፣ ይደውላል፣ አይገባም።

ዘይነባ፦ ማስክስ? የኮሮናው ይበቃል?

ሰይድ፦ ለአቧራና ለሌሊት ወፍ ኩስ እንኳ በደንብ የሚገጥም፣ ኤን95 የሚባለው ማስክ ያስፈልጋል። ለጋዝ ሁለቱም ምንም። ይህን ደግማችሁ አትጠይቁኝ።

አበበ፦ ጣሪያው ጠንካራ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ሰይድ፦ በድጅኖ መታ መታ አድርግ፤ ከጤናማው ድንጋይ ስር ቆመህ ወደፊት፣ ከምትመታው ስር ሆነህ አይደለም። ጥርት ብሎ ካቃጨለ ደህና ነው። እንደ ባዶ በርሜል ካስተጋባ ለቋል። ዝናብ ካለ፣ ጦሳ ተራራ ላይ ደመና ከከበደ፣ ድጅኖህን ይዘህ ቤትህ ግባ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ውስጡ ውሃ ካለስ? ትንሽ የቤንዚን ፓምፕ ይዘን ገብተን…

ሰይድ፦ አትግባ! ስንት ጊዜ ልበል? ቤንዚን ሞተር ዋሻ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ማምረቻ ነው። ሞተሩ ውጭ፣ ቱቦው ውስጥ። ግን ፓምፕ ውሃ የሚስበው በአየር ግፊት ነው፤ ባሕር ጠረፍ ላይ በስሌት 10 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ላይ ከ8 በታች። በተግባር 5 ሜትር ከሳበልህ አመስግን።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ከ5 ካለፈስ?

ሰይድ፦ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ፓምፕ። ጀነሬተሩ ውጭ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ አፉ በማይመልስበት በኩል። ገመዱ መሀል ላይ በፕላስተር የተቀጠለ ከሆነ ቀይረው። እሱንም ውሃው ውስጥ ሰው ቆሞ ሳለ አታስነሳው።