ኪታ አሌፍ (አንደኛ ክፍል) ለምትገባው ልጅሽ፦ አማርኛውን አታቁሚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ከጎንደር ወደ እስራኤል ከመጣችሁ ዓመት አልሞላችሁም፣ ልጅሽ ሴፕቴምበር 1 ኪታ አሌፍ ትገባለች፣ ጋነኔቷ (የመዋዕለ ሕፃናት መምህሯ) ደግሞ «ዕብራይስጥ ቶሎ እንድትይዝ ቤት ውስጥ አማርኛ ተዉ» ብላሻለች። እኔንም እንዲሁ ብለውኝ ነበር። አልሰማኋቸውም፤ እንኳንም አልሰማሁ።

አንደኛ፣ ዕብራይስጡ አያስጨንቅሽ። እኛ ትልልቆቹ ኡልፓን (የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት) ውስጥ ግሥ ስናረባ ልጄ ሜዳ ላይ በዕብራይስጥ ይጣላ ነበር። የሚያደናግራቸው ፊደሉ ነው፦ መጀመሪያ የኅትመቱን ሃያ ሁለት ፊደላት ይለምዳሉ፣ ቆይቶ የእጅ ጽሑፉ በሌላ መልክ ይመጣል። አናባቢውን የሚያሳዩት ነጥቦች ከመጽሐፉ ሲነሡም ንባቡ ይከብዳል። ያኔ አጠገቧ ተቀመጪ፤ ባታነቢውም ታንብብልሽ።

ሁለተኛ፣ ያላነበብሽውን ወረቀት አትፈርሚ። እዚህ ላይ ልቆይ፣ ዛሬም ያንገበግበኛል። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ አስጠርታኝ ስልክ እያወራች ጣቷን መስመሩ ላይ አኖረችና «እዚህ ጋ ፈርም» አለችኝ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ቤት ወስጄ ላስነብበው ስላት ተቆጣች። የእህቴ ልጅ ስታነብልኝ ለካ ልጄን ወደ ልዩ ትምህርት ኮሚቴ ለመላክ ፈቃድ ኖሯል፤ ምክንያቱም «የቋንቋ መዘግየት»። አገር ከገባ ዓመት ያልሞላውን ልጅ በዕብራይስጥ ፈትነው ቋንቋው ዘገየ ይላሉ! በእርግጥ ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ አለ፤ እሱ ቢያገኝ ደስ ይለኛል። የእኔ ግን ቤት ውስጥ ዝም የማይል ለፍላፊ ነው።

በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የልዩ ትምህርት ሕግ ወላጅ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ የመናገር መብት ይሰጠዋል። በ2018 ከተሻሻለ ወዲህ ደግሞ ልጁ ድጋፍ ይገባዋል ቢባል እንኳ በምን ዓይነት ክፍል እንደሚማር በአብዛኛው የሚመርጠው ወላጁ ነው። ይህን ከጸሐፊዋ አትሰሚውም። እኔ በአማርኛ ይፈተን ብዬ ድርቅ አልኩ። አማርኛ የምትችል መጋሼሬት (በቤተሰብና በትምህርት ቤት መካከል የምታግባባ ሠራተኛ) አመጡ። ልጄ አያቱ የነገረችውን የጅብና የቀበሮ ተረት ከነድምፁ አወራላቸው፤ ጅቡ ጋ ሲደርስ ፈታኟ ሳይተረጎምላት ሳቀች። ጉዳዩም እዚያው ቀረ። አማርኛውን አስትቼው ቢሆን በምን ሊያወራ ነበር?

ሦስተኛ… አዎ፣ በዓላቱ። ሀኑካ፣ የአይሁድ የመብራት በዓል፣ ሲደርስ ልጅሽ እንዝርት የመሰለች ሴቪቮን (የምትሽከረከር መጫወቻ) ይዛ ትመጣለች። ልጄ እናቴን «ሀኑካን አታውቂም? አንቺ አይሁዳዊት አይደለሽም?» አላት። የአስቴርን ጾም ስትጾም የኖረች ሴት ናት! ሀኑካ በኦሪት የለም፣ እኛ አገር አይከበርም ነበር፤ ይህንን ልጅሽ ከሌላ ሰው ሳትሰማ አንቺው ንገሪያት።

በዓመቱ የእኛ የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ ሲቃረብ መምህሯ እንጀራ እንዳመጣ ጠየቀችኝ። ስግድ እኮ በ2008 እ.ኤ.አ. በክኔሴት (በእስራኤል ፓርላማ) ሕግ የአገር በዓል ሆኗል፣ የምግብ ቅምሻ አይደለም። እንጀራውን አመጣለሁ፣ እናቴም ትናገራለች አልኩ። መምህሯ ጥቂት አንገራገረችና እሺ አለች። እናቴ ጎንደር አጠገብ ባለችው መንደር በአምቦበር ሰዉ እየጾመ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ ይወጣ እንደነበር፣ ቄሶቹ ኦሪቱን በግዕዝ ያነቡ እንደነበር ነገረቻቸው። ከአማርኛ ወደ ዕብራይስጥ ያስተረጎመላት ማን መሰለሽ? ያ ቋንቋው ዘገየ የተባለው ልጄ ነው። መምህሯ በማግስቱ ደውላ አመሰገነችኝ፤ ጸሐፊዋ ግን እስከዛሬ ሰላምታዬን አትመልስም።

ማምላኽቲ (መደበኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት) ወይስ ማምላኽቲ ዳቲ (ሃይማኖታዊው የመንግሥት ትምህርት ቤት) ላልሽው፣ ከመርከዝ ክሊታ (ከአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል) ብዙዎቻችን የተላክነው ወደ ዳቲው ነው። እዚያ ከሆነ በኪታ አሌፍ የሲዱር በዓል አለ፤ ልጆቹ የጸሎት መጽሐፋቸውን ይቀበላሉ፣ ወላጅም ይጠራል። ለበዓሉ የሚለበሰውን ነጭ ሸሚዝ ቀደም ብለሽ ግዢ፤ በዚያ ሳምንት የልጆች ልክ ፈልገሽ አታገኚም።