ዝንጉ፣ ልበ ቢስ፣ ጃጀ፦ የሳምንቱ ጥያቄዎቻችሁ

«ዝንጉ» ለሴትም ይሆናል ወይ? (ከደብረ ሲና)

ይሆናል። ዝንጉ ነው፣ ዝንጉ ናት።

አንድ የደብረ ብርሃን አባት ተቆጥተው ጽፈዋል፦ አስተማሪው ልጄን «ዝንጉ» አለው፣ ይሄ ስድብ አይደለም ወይ?

አይደለም። ዝንጉ ልብ የማይል፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ የሆነ ሰው ነው። ደብተሩን ቤት ጥሎ የሚሄድ ልጅ ዝንጉ ቢባል አይከፋም። «ልበ ቢስ» ብሎት ቢሆን እኔም አብሬዎት እቆጣ ነበር። ይልቅ ማታ ስንት ሰዓት ይተኛል? እንቅልፍ ያነሰው ልጅ ይዘነጋል። ካልተሻለው ሐኪም ያሳዩት።

የአንኮበሩ የቆሎ ተማሪ፦ በግዕዝ «ረስዐ» ረሳ ከሆነ፣ ዳዊት ላይ «ረሲዓን» እንዴት ክፉዎች ሆኑ?

ደስ የሚል ጥያቄ ነው። መዝሙር 1 «ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን» ይላል፣ በክፉዎች ምክር ያልሄደ ማለት ነው። እዚያ የተረሳው ቀጠሮ ወይም ቁልፍ አይደለም፣ ፈጣሪ ነው። መርሳት እንደ ጥፋት የሚቆጠረው እንዲህ ሲሆን ነው። የታመመ ሰው መርሳት ግን ጥፋት አይደለም፣ የሚቀጥለውን ደብዳቤ አንብብ።

ከመንዝ የጻፈችልን እህት እናቷ 74 ዓመታቸው ነው። ድስት ጥደው ይረሳሉ። ባለፈው ከልጅነታቸው ጀምሮ የተመላለሱበት የቤተ ክርስቲያን መንገድ ጠፍቷቸው ሰው መልሷቸዋል። ጎረቤቱ «ጃጅተዋል» ይላል። ቃሉ ያስቀይማል ወይ ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ ያስቀይማል። እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው፤ አንዴ «ጃጅተዋል» ከተባለ በኋላ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው ሰው አይገኝም። በእርጅና መነጽር የት እንዳስቀመጡ ይጠፋል፣ የሰው ስም አፍ ላይ ደርሶ ይቀራል፣ ቆይቶ ትዝ ይላል። የለመዱት መንገድ ሲጠፋ ግን የእርጅና ብቻ አይደለም። እንደ አልዛይመር ያለ የመርሳት በሽታ ሊሆን ይችላል። ደግሞ የታይሮይድ እጢ መድከም፣ ድብርት፣ የሚውጡት መድኃኒት ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊሆን ይችላል፣ እነዚህ ሲታከሙ ደግሞ መርሳቱ ሊሻል ይችላል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፣ የኛ እናቶች ደግሞ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይጾማሉ።

ስለዚህ ሐኪም ይያቸው። ለበዓል፣ ለአዝመራ እያልሽ አታቆዪ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። መርሳቱ በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ወድቀው ከነበረ የዚያኑ ቀን ውሰጃቸው። እሳት አጠገብ ብቻቸውን አትተያቸው። አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ቢጠይቁሽ «ነገርኩዎት እኮ» አትበያቸው፣ እንደ አዲስ መልሺላቸው። ጎረቤት ሲጠይቅሽ ደግሞ «እናቴን አሟቸዋል» በይ።