«ኦሪጅናል ነው?» ብላ ለጠየቀችኝ ልጅና ለእኩዮቿ

ባለፈው ወር ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር አንዲት ወጣት የትንሽ የእንጨት ምስል ፎቶ ላከችልኝ። የገዛችው በሰንበት ገበያ፣ የሟቾች ዕቃ ከሚሸጥበት ጠረጴዛ ላይ አንሥታ ነው። ቁመቱ ከክንድ ያንሳል፤ እጆቹን ሆዱ ላይ አሳርፏል፤ ፀጉሩ በጥንቃቄ የተጎነጎነ ነው። ከፎቶው ሥር አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፦ «እትዬ፣ ኦሪጅናል ነው?»

በምዕራብ አፍሪካ፣ በኮትዲቯር መካከለኛ ክፍል የሚኖሩት የባውሌዎች ሥራ መሆኑን ወዲያው ዐወቅሁ። መልሱን ግን ሦስት ቀን ሙሉ መጻፍ አቃተኝ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያንኑ ጥያቄ እኔም በአንድ መንደር ውስጥ ጠይቄ፣ መልሱን ሰምቼ፣ ደስ ብሎኝ ነበር የተመለስኩት።

ባለቤቴ በአንድ አህጉራዊ ድርጅት ተቀጥሮ ስለነበር ከ1976 እስከ 1984 ዓ.ም. ኮትዲቯር ውስጥ፣ አቢጃን ከተማ ኖረናል። ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ስለምችል ፕላቶ በሚባለው የከተማው ክፍል፣ የምዕራብ አፍሪካ ጭንብሎችና ምስሎች በሚሸጡበት መደብር ሥራ አገኘሁ። ስጀምር ደረሰኝ ጸሐፊ ነበርኩ። የሐውሳና የጁላ ነጋዴዎች ከየአገሩ የለቀሙትን በጆንያና በሣጥን ሞልተው ደጃፋችን ላይ ይዘረግፉት ነበር፤ የዶጎን ከማሊ፣ የዳን ከምዕራብ ኮትዲቯር፣ የሴኑፎ ከሰሜን። እያየሁ፣ እየነካሁ፣ እያሸተትኩ ዐይኔ ሰላ። ጭንብል ሲቀርብልኝ ፊቱን ትቼ ገልብጬ ውስጡን ማየት ለመድኩ። የተጨፈረበት ጭንብል ግንባርና ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የሰው ወዝ ይይዛል፤ ገመድ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች በአንድ ወገን ይበላሉ። ለገበያ የተሠራው ግን ቀዳዳው ዙሪያውን እኩል ነው፤ አንዳንዱማ ፊት ላይ ሊገባም አይችልም። ኩይሳ ውስጥ ቀብረው በምስጥ የሚያስበሉት፣ ምድጃ ላይ ሰቅለው በጢስ የሚያጠቁሩት፣ ፖታሲየም ፐርማንጋናት በሚባል እንጨት በሚያጠይም ኬሚካል የሚነክሩት ብዙ ነው። እነዚህን ሁሉ የመለየት ችሎታዬ ትልቅ ኩራት ሰጥቶኝ ነበር። ያበላሸኝም እሱው ነው።

በ1979 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ሐርማታን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ሰማዩን በአቧራ ሸፍኖት ሳለ፣ ከአንድ የጁላ ነጋዴ ጋር በፔዦ 504 ወደ ቡዋኬ፣ ከዚያም ወደ ቤኡሚ ወጣን። የመደብሩ ባለቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ መርጬ እንድገዛ ገንዘብ ሰጥቶኝ ነበር። ከቤኡሚ አልፈን በገባንበት መንደር ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ከቤቱ ጀርባ ጠራንና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ገለጠልን።

ባውሌዎች ሰው ወደዚህ ዓለም ሲወለድ በዚያኛው ዓለም ያለ የትዳር ጓደኛውን ትቶ ይመጣል ብለው ያምናሉ። የሴቲቱ የዚያ ዓለም ባል ብሎሎ ቢያን፣ የወንዱ የዚያ ዓለም ሚስት ደግሞ ብሎሎ ብላ ይባላሉ። ትዳር አልሰምር ወይም ልጅ አልወለድ ሲል አዋቂ ዘንድ ይኬዳል፤ አዋቂውም የተተወው ወገን አኩርፏልና ምስሉ ይቀረጽለት ሊል ይችላል። ቀራጺው የሚያምር ሰው አድርጎ ይሠራዋል፤ ባቱ የሞላ፣ ፀጉሩ የተሠራ፣ ገላው በጌጥ ጠባሳ ያማረ። ማባበያ ነውና ማማር አለበት። ምስሉ መኝታ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ምግብ ይቀርብለታል፤ ከሳምንቱ አንዱ ሌሊት የእሱ ነው፤ በዚያ ሌሊት ሴቲቱ ከምድራዊ ባሏ ጋር አትተኛም። እንግዳ አያየውም። የሚያየውም የሚነካውም ባለቤቱ ነው።

ይህን ሁሉ ያኔም ዐውቀው ነበር። ለገዢዎች የምናገረው እኔ ነበርኩ፤ ታሪኩ ዋጋ ስለሚጨምር አሳምሬ እናገረው ነበር።

ልጁ የገለጠው ብሎሎ ቢያን ነበር። አፍንጫውና ጉንጩ በእጅ ብዛት ለስልሶ እንደ ተወለወለ ቆዳ ያበራል። ወገቡ ላይ ጨርቅ ታስሯል፤ ከዐይኑ ሥር የነጭ አፈር ርዝራዥ አለ። ወዙ በጢስ የሚመጣ ዓይነት አልነበረም። ልቤ መታ። «አሮጌ ነው?» አልኩት። «ከአባቴ ይበልጣል፣ የአያቴ ነው» አለኝ። 15,000 ሴፋ ፍራንክ ከፈልኩ፤ በጊዜው ምንዛሪ 300 የፈረንሳይ ፍራንክ መሆኑ ነው። «አያትህ አሉ ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም። የምስሉ ባለቤት የሆነችው ሴት ከሞተች የምስሉ ሥራ ያበቃል፤ ቤተሰቡ ሊሸጠው ይችላል፤ ይህንንም ዐውቅ ነበር። የሚያስፈልገው አንዲት ጥያቄ ነበረች። እኔ ግን ስለ እንጨቱ ዕድሜ ጠየቅሁ።

በሳምንቱ ከብራሰልስ የመጣ ሰብሳቢ ገዛው። እንዲላክለት ተጠቅልሎ የኋላው ክፍል ውስጥ ሣጥን ገባ። የመደብሩ ባለቤት «ዐይን አለሽ» አለኝ፤ ያቺን ቃል ለባለቤቴ ማታ ሁለት ጊዜ ነገርኩት።

ከዚያ ሁለት ቀን ዘግይቶ አሮጊቷ መጡ። ከቡዋኬ በአውቶቡስ ሌሊቱን ተጉዘው፣ አቢጃን ሰው ቤት የምትሠራ የእኅታቸውን ልጅ አስከትለው ነበር። አልጮኹም፤ ማንንም አልከሰሱም። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡና በልጅቷ አስተርጓሚነት ጠየቁኝ። የልጅ ልጃቸው ያደረገውን ተናዟል። «የት ነው ያለው? ማን ያበላዋል?» አሉኝ። ገንዘቡን፣ ያንኑ 15,000፣ መሐረብ ጫፍ ላይ ቋጥረው ይዘው መጥተዋል።

ሣጥኑ ከተቀመጥኩበት አምስት እርምጃ ነበር። መጫኛው ከነገ ወዲያ ነው። «ሄዷል፤ አውሮፓ ገብቷል» አልኳቸው።

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ ዘመን ሰበብ ፈልጌያለሁ። ሥራዬን ፈርቼ እንዳልል ደሞዜ ቤታችንን የሚያቆም አልነበረም። ባለቤትየው አዞኝ እንዳልል ከሰዓት በፊት ስለነበር እሱ አልገባም ነበር። እውነቱ ይህ ነው፤ በዐይኔ ያገኘሁት የመጀመሪያው ዕቃዬ ነበርና ልለቀው አልወደድኩም።

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጉያቸው በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ፤ ከጎደሬ የሚመሳሰለው ያም የሚባል ሥራ ሥርና የተቀቀለ እንቁላል ነበር። «መንገዱ ሩቅ ነው፤ እዚያ የሚሄድ ሰው ካለ ይያዝለት» አሉ። ማታ መደብሩን ስዘጋ ሣጥኑ ላይ አኖርኩት። ጠዋት ስገባ ጉንዳን ወርሮት ኖሮ ዘበኛው ጥሎታል።

በዚያው ዓመት ለፈረንሳዊ ደንበኛ ስለ መቅደላ ሳወራ ትዝ ይለኛል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 መጻሕፍታችንንና ታቦቶቻችንን አጋዙ ብዬ፣ በ1897 ዛሬ ናይጄሪያ ውስጥ ካለችው ከቤኒን ከተማ የተዘረፉትን የነሐስ ሥራዎች ጨምሬ፣ ድምፄ እስኪንቀጠቀጥ ተናግሬ ነበር፤ እጄ ግን ሌላ ምስል በጋዜጣ እየጠቀለለ ነበር። የነገሥታቱ ንብረት የተወሰደበት ቀን ይታወቃል፤ የጄኔራሉ ስም ይታወቃል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአቦሜ ቤተ መንግሥት የተወሰዱ 26 ቅርሶችን ለቤኒን ሪፐብሊክ ስትመልስ በቴሌቪዥን እያየሁ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ግን ለአሮጊቷ ነው። የእሳቸው ባል በጦር አልተማረከም፤ ደረሰኝ አለው። ደረሰኙን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በአገራችንም ያው ነው። የኮንሶ ሰዎች ለጀግኖቻቸው መቃብር ላይ የሚያቆሟቸው ዋካዎች እየተነቀሉ ለገዢ ቀርበዋል፤ ካራት ከተማ ሙዚየም የተከፈተው አንድም ከስርቆት የተረፉትን ለማኖር ነው። ከአቢጃን ተመልሼ በቅርስ ጥበቃ ሥራ ስሰማራ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ዋካ ነበር።

ዛሬ ወጣቶች ከምንም በፊት ዋጋ ትጠይቁኛላችሁ። በደቡብ ፈረንሳይ አሮጌ ባልና ሚስት በ150 ዩሮ የሸጡት የጋቦን ጭንብል እ.ኤ.አ. በ2022 በጨረታ 4.2 ሚሊዮን ዩሮ አወጣ የሚለውን ዜና ስንቶቻችሁ ላካችሁልኝ! ጋቦን መካከለኛው አፍሪካ ቢሆንም ነገሩ አንድ ነው። ሻጮቹ ገዢውን ከስሰው ተከራከሩ፤ ተረቱ። ጋቦንም ይመለስልኝ ብላ ጠይቃ አልተሳካላትም። የላካችሁልኝ ግን ስለ 4.2 ሚሊዮኑ እንጂ ስለዚህ አልነበረም። ትቸኩላላችሁ፤ ዕቃውን በስልክ ፎቶ አይታችሁ ትፈርዳላችሁ። ደግሞ እውነቱን ልናገርና ከእኛ ትሻላላችሁ፤ «ከየት መጣ?» ብሎ ሻጭን ፊት ለፊት የሚጠይቅ ትውልድ በእኔ ጊዜ አላየሁም።

ስለ ወዝ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የናይጄሪያዎቹ ዮሩባዎች ከመንታ አንዱ ሲሞት ኢቤጂ የሚባል ትንሽ ምስል ያስቀርጻሉ። እናትየው ታጥበዋለች፣ ታበላዋለች፣ ታለብሰዋለች፤ ፊቱ በእጇ እየተሻሸ ዐይንና አፍንጫው ይጠፋል። ሰብሳቢ ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍለው ለዚያ ለጠፋው ፊት ነው። እኔም ቆንጆነቱን አልክድም፤ አሁንም ሳየው እጄ ይዘረጋል። አሮጌ ነገር አትግዙ ልላችሁ ብዕር አንሥቼ ነበር፤ ግን ሙዚየም ውስጥ ቆሜ ፈዝዤ የማያቸውን ሥራዎች ሁሉ አንድ ሰው ገዝቷቸዋል፤ ካልተገዙም ምስጥ በልቷቸው ነበር። ይህን ክርክር እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም።

ያለ ክርክር የምናገረው ስለ አዲሱ ሥራ ነው። በሰሜን ኮትዲቯር ኮሮጎ ከተማ፣ ኮኮ በሚባለው የቀራጺዎች ሰፈር፣ አንድ የሴኑፎ ጠራቢ ክፕሊዬ የሚባለውን ጭንብል ሲሠራ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ከጉንጩ የሚወጡትን ክንፎች በትንሽ መጥረቢያ ሲያወጣ አንዴም አልሳተም። «እንግዶች ሲመጡ ስንት ዓመቱ ነው ይሉኛል፤ ጥሩ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለኝ። ጭንብሉን ጢስ ላይ የሰቀለው አዲስ ከሆነ ማንም ስለማይገዛው ነው። አታላዩ እሱ አይደለም፤ አሮጌ ካልሆነ የምንለው እኛ ነን። የእሱን ዓይነት ሰው ስሙን ጠይቃችሁ፣ አዲስ ነው ብሎ በኩራት እንዲሸጥላችሁ ሙሉ ዋጋ ክፈሉ። ቤት ስታስገቡም ከማሞቂያ አርቁት፤ ይሰነጠቃል። በዘይት አታብሱት፤ በሳሙና አትጠቡት።

ለልጅቷ በአራተኛው ቀን ጻፍኩላት። ምስሉን ገልብጠሽ የእግሩን መዳፍ፣ ጀርባውንና ወገቡን አንሺልኝ አልኳት። ላከች። መዳፉ ላይ የመጥረቢያው ምልክት ገና ስል ነው። ወገቡ ላይ የጨርቅ ማሰሪያ ዱካ የለም። ጥቁረቱ ከላይ የተቀባ ቀለም ነው፤ ብብቱ ሥር አልደረሰም። እጅ ያልዳሰሰው፣ ምግብ ያልቀረበለት፣ ለገበያ ተሠርቶ ለገበያ የተሸጠ ምስል ነው። «ኦሪጅናል አይደለም፤ ከማንም ቤት አልወጣም» ብዬ መለስኩላት።

እሷ አዘነች። እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ።