የወላጆችን ቤት ለሽያጭ ማዘጋጀት፦ ከጅማ ነዋሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ሦስት አባላት የወላጆቻቸውን ቤት ለመሸጥ ማሰባቸውን በገለጹ ጊዜ፣ በጅማ ከተማ ለረጅም ዓመታት በግንባታና በቤት ጥገና ሥራ መቆየቴን የሚያውቁት ሊቀመንበራችን የአባላቱን ጥያቄዎች ሰብስበው አቀረቡልኝ። ከዚህ በታች ያለው በዕለቱ የሰጠሁት መልስ ሲሆን፣ በጽሑፍ እንዲቀመጥ በተጠየቅሁት መሠረት ጥቂት አቃንቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ቤታችን በጊንጆ የሚገኝ የጭቃ ቤት ነው። ገዢ ከመምጣቱ በፊት ውስጡንም ውጭውንም ቀለም ልናስቀባው አስበናል። የትኛው ቀለም ይሻላል?

መልስ፦ ቀለም የመጨረሻው ሥራ ስለሆነ ጥያቄው ትንሽ ቀድሟል። የራሴን ስሕተት ላስቀድም። የአባቴን ቤት ለመሸጥ በተዘጋጀሁበት ዓመት፣ ሥራውን አውቃለሁ ባይ እኔው ራሴ፣ በጓዳው ግድግዳ ላይ የወጣውን እርጥበት በሐምሌ ወር በፕላስቲክ ቀለም ሸፈንሁት። የመጣው ገዢ የቡና ነጋዴ ነበር። ቡና ደርቋል ወይስ አልደረቀም የሚለውን በመዳፉና በጥርሱ ሲለይ የኖረ ሰው በመሆኑ፣ ስለ ቀለሙ ማማር አንድም ቃል ሳይናገር መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያም የቀረበለትን ቡና ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ። ተመልሶም አልመጣም። ቀለሙ ደግሞ መስከረም ሳይገባ ተነፍቶ ይላጥ ጀመር።

በከተማችን በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ስለሚዘንብ፣ ገዢ ከሁሉ በፊት የሚመረምረው ውኃ በቤቱ ላይ ያደረሰውን ነው። ስለዚህ ሥራውን ከላይ ወደ ታች ይጀምሩ። በመጀመሪያ አንድ ሰው ቆርቆሮው ላይ ይውጣና ምስማሮቹን ይመልከት፤ ምስማር መመታት ያለበት በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ሆኖ ሳለ፣ በቦዩ ላይ ከተመታ ውኃው በዚያው ቀዳዳ ወደ ኮርኒሱ ይወርዳል። ጥቂት ቆርቆሮዎችን ብቻ መቀየር ካስፈለገ የጌጅ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ያስታውሱ፤ ባለ 32 ጌጁ ርካሽ የሆነው ስለዚሁ ነው። ቀጥሎ አሸንዳው ይጠረግ፤ ከሌለም ይገጠም። አሸንዳ በሌለው ቤት ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውኃ መሬት መትቶ ሲፈናጠር የግድግዳውን እግር በየቀኑ ያጥባል፤ ብዙ ሰው ከመሬት የመጣ እርጥበት ነው ብሎ የሚያማርረውም በአብዛኛው ይኸው ፍንጣሪ ነው። በግድግዳው ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ የድንጋይና የሲሚንቶ ንጣፍ ማድረግ፣ ውኃውንም በቦይ ወደ መንገዱ ማውጣት፣ ቤቱን ሁለት ጊዜ ቀለም ከማስቀባት ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ የራሰው ልስን ተፍቆ ግድግዳው ቢያንስ ጥቂት የደረቁ ሳምንታት ያግኝ። ለጭቃ ግድግዳ እርጥበቱን የሚያስተነፍሰው ኖራ ከፕላስቲክ ቀለም ይልቅ ተስማሚ ነው። የጭቃን ግድግዳ ብሎኬት ለማስመሰል በሲሚንቶ መለሰንን አልመክርም፤ ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር በደንብ ስለማይያያዝ ይሰነጠቃል፣ እርጥበቱንም በውስጡ አፍኖ እንጨቱን ያበሰብሳል። ገዢው በጣቱ ሲያንኳኳው ባዶ ድምፅ ስለሚሰጥም ማንንም አያታልልም።

ጥያቄ፦ በእኛ ቤት ምስጥ ገብቷል ብለን እንሰጋለን። በቦሳ አዲስ ነው የምንኖረው።

መልስ፦ ቋሚዎቹን ከመሬት አጠገብ በመዶሻ እጀታ ያንኳኳቸው፤ ድፍን ያለ ድምፅ የሚሰጠው ደኅና ነው፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ተበልቷል። በግድግዳ ላይ የሚሄድ የጭቃ መስመር ካለም ምስጡ አሁንም በሥራ ላይ ነው ማለት ነው። የተበላው የታችኛው ክፍል ተቆርጦ በአዲስ እንጨት ወይም በድንጋይ ላይ በሚቆም ቋሚ ይተካ። የተቃጠለ ዘይት መቀባት ለአዲሱ እንጨት ይረዳል እንጂ የተበላውን አይመልስም።

ጥያቄ፦ ቤቱ በሟቹ አባታችን ስም ነው። እናታችን በሕይወት አሉ፤ እኛ አምስት ወንድምና እኅት ስንሆን አንዷ አሜሪካ ትኖራለች። ሁላችንም ተስማምተናል፤ ገዢም አግኝተናል። ምን ይቀረናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዋናው ነገር ይቀራችኋል። መሸጥ የሚችለው ባለመብት መሆኑ በሰነድ የተረጋገጠለት ሰው ነውና፣ ካርታው በሟች ስም እያለ ከገዢ ገንዘብ መቀበል ነገ ከነገ ወዲያ ክስ ይወልዳል። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ የጋራ ሀብት ከሆነ ግማሹ የእናታችሁ የራሳቸው ነው፤ ለውርስ የሚቀርበው የአባታችሁ ግማሽ ብቻ ነው። ኑዛዜ ከሌለ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ወንድም ሴትም ልጅ እኩል ይካፈላል። ሁሉም ወገኖች ፈቅደው ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከወሰዱት ግን ክፍፍሉ በሸሪዓ ሕግ ይሆናል፤ በከተማችን ይህን የሚመርጡ ቤተሰቦች ብዙ ስለሆኑ ማን የት እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቅደም ተከተሉም የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ማውጣት፣ ስሙን ማዛወር፣ ከዚያ በኋላ መሸጥ ነው። ከወራሾቹ መካከል አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ምንም አትፈርሙ።

አሜሪካ ያለችው እኅታችሁ የምትልከው ውክልና ጠቅላላ መሆኑ አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ስለሚያስፈልግ፣ ወረቀቱ ላይ «ለመሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ መጻፍ አለበት። ይህ አንድ ቃል በመጉደሉ ወረቀቱ እንደገና ውቅያኖስ ሲሻገር አይቻለሁ።

ገዢው ደግሞ የሚገዛው ቤቱንና በይዞታው የመጠቀም መብትን እንጂ መሬቱን እንዳልሆነ፣ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ማድረጉን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ይዞታው ነባር ነው ወይስ የሊዝ የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ይመጣል፤ መልሱ በሰነድ ይዘጋጅ። አጥሩ በካርታው ላይ ካለው ወሰን ወጥቶ ከሆነም ከገዢው በፊት እናንተው ለኩት።

ጥያቄ፦ እናቴ አሁንም በቤቱ ይኖራሉ። ዕቃቸው ብዙ ነው፤ ገዢ ሲመጣ ሳሎኑ የጠበበ ይመስላል። እንዳልነካባቸው ደግሞ ፈራሁ።

መልስ፦ ከሁሉም የከበደኝ ጥያቄ ይህ ነው። ሳሎኑ ውስጥ የቆመው ትልቁ ቁም ሣጥን፣ ግድግዳውን የሞላው የሠርግና የምረቃ ፎቶግራፍ፣ የጅማ ጠራቢዎች ከአንድ ግንድ የፈለፈሉት ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ ለእናትዎ ዕቃ ብቻ አይደለም። ቢሆንም ገዢው የራሱን ሶፋ የት እንደሚያስቀምጥ ማየት መቻል አለበትና፣ ዕቃው ግማሽ ያህል መቀነስ ይኖርበታል። ምን እንደሚወጣ እርስዎ አይወስኑ፤ እናትዎ ይዘውት የሚሄዱትን በቅድሚያ እንዲመርጡ ያድርጉና ያ ወደ አዲሱ ማረፊያቸው ቀድሞ ይሂድ። በርጩማውን ግን እንዲተዉት እመክራለሁ፤ ሳሎኑን አያጣብብም፣ እንግዳም ይቀመጥበታል። መስኮቱን የሸፈነውን ከባድ መጋረጃ ያንሡት፤ ጓዳው ከማገዶ ጭስ ከጠቆረ ይታጠብ፤ የመጸዳጃው ጉድጓድ ከሞላ ሳይውል ሳያድር ይመጠጥ። ዕጣን ማጨስ ሽታን አይሸፍንም፤ እንዲያውም ምን ሊሸፍኑ ፈልገው ነው የሚል ጥርጣሬ ያመጣል።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ውስጥ አቮካዶ፣ ጥቂት የቡና ዛፎችና ኮባ አሉ። ግቢው ሰፊ እንዲመስል ይቆረጡ?

መልስ፦ አይቆረጡ። በጅማ ፍሬ የሚሰጥ ቡናና አቮካዶ ያለበት ግቢ ራሱ ገዢ ይጠራል። ከጣሪያው በላይ ያዘነበለውንና ቅጠሉ አሸንዳውን የሚደፍነውን ቅርንጫፍ ብቻ ያስመልምሉ።

ጥያቄ፦ ከጓሮው ሰርቪስ ክፍሎች ውስጥ ተከራዮች አሉ። እናስወጣቸው?

መልስ፦ እንደ ገዢው ነው። ቤቱ ለዩኒቨርሲቲው ቅርብ ከሆነ ኪራይ የሚያስገባ ሰርቪስ ለብዙዎች ተጨማሪ ምክንያት ይሆናል። የኪራይ ውላቸውን በጽሑፍ አድርጋችሁ፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ዕዳ አለመኖሩን የሚያሳይ ደረሰኝ አዘጋጁ። ተከራዮቹም ስለ ሽያጩ ከገዢው አፍ እንዳይሰሙ።

ጥያቄ፦ ደላላው ከጠበቅነው በላይ ዋጋ ነግሮን ቤቱን ያዘ። አራት ወር ሆነው። አሁን አንድ ሰው ቀብድ ልስጥ ይላል።

መልስ፦ የደላላ የመጀመሪያ ዋጋ ብዙ ጊዜ ሻጩን ለማስደሰት የሚነገር ነው። በአካባቢያችሁ ስንት ተጠየቀ የሚለውን ትታችሁ ስንት ተሸጠ የሚለውን ጠይቁ። ቀብድን በተመለከተ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 የሚለው ይህንኑ ነው። እንግዲህ አንድ ወራሽ እያመነታ ቀብድ መቀበል ገንዘብ መበደር ማለት ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት ይመዝገብ፤ ግብር ለመቀነስ ተብሎ ዋጋውን አሳንሶ መጻፍም ክርክር ቢነሣ የሚጎዳው ራሱን ሻጩን ነው።

ጥያቄ፦ መቼ እንሽጥ? ዝናብ ላይ ገዢ ማምጣት አይጎዳም?

መልስ፦ ጥገናው በደረቁ ወራት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ቢሠራ ይመረጣል። የቡና ገንዘብ በከተማው የሚንቀሳቀሰውም ከለቀማው በኋላ በመሆኑ ገዢው በዚያን ጊዜ ይበረክታል። ይሁን እንጂ ከላይ ያልሁት ሥራ በሚገባ ተሠርቶ ከሆነ ገዢ በዝናብ ቀን ቢመጣ አትፍሩ፤ እንዲያውም ዝናቡ ሲጠነክር ወደ ጓዳው አስገቡትና ኮርኒሱን ይይ። ደጃፉ ላይ ግን ጫማ መጥረጊያና የእግር መታጠቢያ ውኃ አኑሩ፤ የጅማ ቀይ ጭቃ የታጠበ ሊሾ ላይ ከወጣ በኋላ ሲያጥቡት መዋል ነውና።