ቡሬዋ ላም ትገለበጣለች ወይ? ስለ ክሎኒንግና ስለ ስቴም ሴል የጠየቃችሁኝ

ስለ ከብት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ስለ መዥገርና ስለ ውሻ ክትባት ይመጣል ስል፣ ግማሻችሁ ክሎኒንግ (የአንድን እንስሳ ግልባጭ መሥራት) ይዛችሁ መጣችሁ! እሺ። እኔ ጎንደርና ዙሪያዋ ከብት ሳክም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ክሎን ሠርቼ አላውቅም። የማውቀውን ልንገራችሁ።

ዶክተር፣ ጥሩ የምትታለብ ቡሬ ላም አለችኝ፤ እያረጀችብኝ ነው። ክሎን ላስደርጋት እችላለሁ?

ሳይንሱ ይችላል። እዚህ ግን የሚሠራልህ የለም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከላምህ ቆዳ ትንሽ ተቆርጦ ሕዋስ ይወሰዳል። ከሌላ ላም እንቁላል ይመጣና የራሱ ዘረመል ተመጥጦ ይወጣል። በቦታው የላምህ ሕዋስ ይገባል፤ በኤሌክትሪክ ንዝረት ይዋሃዳሉ። ፅንሱን ደግሞ ሦስተኛ ላም ትሸከማለች። ለአንድ ጥጃ ሦስት ላም!

በግ ዶሊ እ.ኤ.አ. በ1996 ስኮትላንድ ውስጥ የተወለደችው በዚሁ መንገድ ነው። 277 ጊዜ ተሞክሮ የተገኘችው እሷ ብቻ ነበረች። የተሸከመቻት በግ ፊቷ ጥቁር፣ ዶሊ ግን ፊተ ነጭ። የማን ግልባጭ እንደሆነች ገና ስትወለድ ፊቷ ይናገር ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። የቡሬዋ ጥቁርና ነጭ እንዳለ አይገለበጥም። ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ፅንሱ ቆዳ ላይ የሚሰራጩት እንዳጋጣሚ ነው። ወተቱም ቢሆን የዘር ብቻ አይደለም፤ የመኖና የአያያዝ ነው።

እኔን ብትሰማኝ አዳቃይ ባለሙያ ጠርተህ ልጇን በጥሩ ኮርማ ዘር አስዳቅል። ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ ያየሃትን ማታ፣ ማታ ያየሃትን በማግስቱ ጠዋት። ብዙ ሰው «አዳቃዩ አልሆነለትም» ይላል፤ የደወለው ግን ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው። (አዳቃዩም ስልክ የማያነሳበት ጊዜ አለ፤ እሱን አልክድም።)

ክሎን የተደረገና ዘረመሉ የተለወጠ እንስሳ አንድ ነው?

አይደለም። ክሎን ፎቶ ኮፒ ነው። ሌላው ግን ጽሑፉን ራሱን ማረም ነው። እርማት ደግሞ ይሳሳታል፦ አሜሪካ ውስጥ ቀንድ እንዳያበቅሉ ተብሎ ዘረመላቸው የታረመ ወይፈኖች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲመረመሩ ማንም ያላሰበው የባክቴሪያ ዘረመል አብሮ ገብቶ ተገኘ።

ሁለቱ የሚገናኙበትም ቦታ አለ። ናይሮቢ ያሉ ተመራማሪዎች ቱማይኒ የሚባል የቦረን ወይፈን በክሎን አስወልደዋል። ሐሳባቸው ገንዲ የሚባለውን የቆላ ከብት በሽታ የሚቋቋም ከብት መፍጠር ነው፤ ዝንጀሮ ገንዲን የሚቋቋምበት ዘረመል አለውና። ቱማይኒ ራሱ ያ ዘረመል የለውም፤ የመንገዱ መጀመሪያ ነው። ቆላ ወርዶ ገንዲ የጨረሰው በሬ ያየ ሰው ይህን ምርምር አይንቅም። እኔ ከሁሉም ተስፋ የማደርገው በዚህኛው ነው።

የክሎን ሥጋና ወተት ይጎዳል?

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2008 የላም፣ የአሳማና የፍየል ክሎን ከሌላው አይለይም ብሏል። አውሮፓ ግን እስካሁን ደስ አላላትም።

ዘረመሉ ተለውጦ በፍጥነት እንዲያድግ የተደረገው ሳልመን ዓሣ በጾም ይበላል?

ወንድሜ፣ እኛ ስለ ተራው የጣና ዓሣ እንኳ መቼ ተስማማን? ለንስሐ አባትህ።

የጋሪ ፈረሴ የፊት እግሩ ጅማት አብጧል። ስቴም ሴል ያድነዋል ሲሉ ሰማሁ።

ስቴም ሴል ማለት ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው። ውጭ አገር ለእሽቅድድም ፈረስ ይሠራል። ከራሱ ከፈረሱ መቅኒ ወይም ስብ ይወሰድና ሕዋሱ ላብራቶሪ ውስጥ ይባዛል፤ ከዚያ በአልትራሳውንድ እየታየ የተበጠሰው ጅማት ውስጥ ይወጋል። ምክንያቱ ይኸውልህ፦ ጅማት ሲድን በጠባሳ ነው የሚድነው፤ ጠባሳ ደግሞ እንደ ጅማት አይለጠጥም። ስለዚህ ፈረሱ ሲሮጥ ጉዳቱ እዚያው ላይ ይደገማል። ስቴም ሴሉ ያንን መደጋገም ይቀንሳል ተብሎ ነው። ግን ስማኝ፣ መርፌውን የወሰደውም ፈረስ ለወራት ያርፋል፤ በእጅ እየተመራ ቀስ በቀስ ነው ወደ ሩጫ የሚመለሰው።

አንተ ማድረግ የምትችለው፦ እብጠቱ ትኩስ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀዝቃዛ ውሃ አፍስስበት፤ ሃያ ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ። ጋሪውን ፍታ። ሐኪም ይየው።

ባለፈው ዓመት አዘዞ ላይ ለአንድ ባለጋሪ ይህንኑ ነገርኩት። እጁን የፈረሱ አንገት ላይ እንዳደረገ «ስንት ጊዜ ይረፍ?» አለኝ። ወራት ስለው ዝም አለ። «እሱ ሲያርፍ እኛ ምን እንበላለን?» አለ ቆይቶ። ሦስት ሳምንት አሳረፈው። አሁንም ሳየው ያነክሳል።