ለአዳዲስ ሱፐርቫይዘሮች፦ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ

ሰላም ወጣቶች። ይህን የምጽፈው ፒኤችዲያችሁን በቅርቡ ጨርሳችሁ፣ እዚህ ጅማም ይሁን ሌላ ቦታ፣ የመጀመሪያ የዶክትሬት ተማሪያችሁን ለተረከባችሁ ነው። ገና ተማሪ የሆናችሁም አንብቡት፤ ወደ መጨረሻው ለእናንተም የምለው አለኝ።

ተማሪው ጥያቄ ይዞ ሲመጣ መልሱን ብታውቁትም ቶሎ አትስጡት። መጀመሪያ ጠይቁት፣ ከዚያ አፋችሁን ይዛችሁ ስሙት። ኮቺንግ የሚባለው ነገር እንብርቱ ይሄ ነው። ስልጠና ስትገቡ ግሮው የሚባል ሞዴል ያስተምሯችኋል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተቀረጸ ሲሆን፣ ግብህ ምንድን ነው፣ አሁን የት ነህ፣ ምን አማራጭ አለህ፣ ምን ልታደርግ ቆረጥክ እያለ ይሄዳል። ጥሩ ነው፣ ያዙት። ግን አራቱን በተራ እያነበባችሁ አትጠይቁ፣ ተማሪው ፎርም የሚሞላ ነው የሚመስለው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። አንዲት ተማሪ በጅማ ዞን የቡና ገበሬዎች ላይ ትሠራለች። የመስክ ፕላኗን ይዛ መጣች፤ የቤት ለቤት ቃለ መጠይቁን ኅዳር ላይ አድርጋዋለች። እዚህ የኖረ ሰው ችግሩን ወዲያው ያየዋል፣ ኅዳር ለቀማ ነው፣ ገበሬው ከነቤተሰቡ ቡና ውስጥ ነው የሚውለው። "ወደ የካቲት ቀይሪው" ብትሏት ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል፣ አመስግናችሁ ትሄዳለች። እኔ ግን "እስቲ ኅዳር ላይ የአንድ ገበሬ ውሎ ምን እንደሚመስል ከጠዋት እስከ ማታ ንገሪኝ" እላታለሁ። ትጀምራለች። ለቀማ፣ እሸቱን ማጠቢያ ጣቢያ ማድረስ፣ የቀረውን ማድረቂያ አልጋ ላይ ማስጣት፣ ማታ ሂሳብ። መሃል ላይ ንግግሯ ይቀዘቅዝና ፕላኗን ታየዋለች። እዚህ ጋ ዝም ማለት ያስፈልጋል፣ ይከብዳልም፣ ምክንያቱም መልሱ አፋችሁ ላይ ደርሷል። ትንሽ ቆይታ "የካቲት ይሻላል" ትላለች፤ ቀጥላ ደግሞ "ግን ለለቀማ ስንት የቀን ሠራተኛ እንደቀጠሩ በየካቲት ብጠይቃቸው ይረሱታል" ትላለች። ስለዚህ የጉልበቱን ጥያቄ አሳጥራ እዚያው ማሳው ላይ በኅዳር ልትጠይቅ፣ ረጅሙን ወደ የካቲት ልታዞር ወሰነች። ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ፣ "ቀይሪው" ብያት ቢሆን ኖሮ ማናችንም አናገኘውም ነበር። ዲፌንስ ላይ፣ ጥናቷን ፈታኞች ፊት ስታቀርብ፣ "ለምን ሁለት ጊዜ ሄድሽ?" ሲሏት መልሱ የራሷ ነው።

ጅማ ለዚህ አካሄድ ባዳ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲው የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲመሠረት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጎ ነው። በሲቢቲፒ፣ ማለትም በማኅበረሰብ ተኮር የሥልጠና ፕሮግራሙ፣ ተማሪ ቀበሌ ይወርዳል፣ መፍትሔ ከማሰቡ በፊት ነዋሪውን ችግርህ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ለቀበሌው ነዋሪ የሰጠነውን ክብር ለገዛ ተማሪያችን የምንነፍግበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ የእኛ አገር ጉዳይ አለ፣ ከውጭ የመጡ አሠልጣኞች ብዙም አያነሱትም። መምህር ፊት መከራከር እንደ ድፍረት ሲቆጠርበት ያደገ ልጅ፣ አሁን ራሱ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሌክቸረር ሆኖ እንኳ፣ እናንተ ፊት ሲቀመጥ "እሺ ዶክተር" ይላል። "ገባህ?" ብትሉት "አዎ" ነው። ስለዚህ እንዲህ አትጠይቁት። "ከተነጋገርነው ውስጥ ያልተዋጠልህ የቱ ነው?" በሉት፣ ያለመስማማትን በር እናንተው ክፈቱለት። ሲወጣ ደግሞ በዚያው ቀን ግማሽ ገጽ ጽፎ ይላክላችሁ፤ ምን ተስማማን፣ ማን ምን ይሠራል፣ እስከ መቼ። ምን እንደገባው የምታውቁት ከዚያች ግማሽ ገጽ ነው። ብዙ ጊዜም ባለፈው ወር በሳምንት ስንት ሰዓት ለዲዘርቴሽኑ እንዳገኘ ጠይቁት። ያስተምራል፣ ፈተና ያርማል፣ ልጅ ያሳድጋል፤ ቻፕተሩ የዘገየው ሐሳብ አጥቶ ላይሆን ይችላል። እንቅልፍ ካጣና ከተጨነቀ ደግሞ ይህ የእናንተ ሙያ አይደለም፣ ወደ ባለሙያ ላኩት።

አሁን ወሰኑን ልንገራችሁ። ኮች ተማሪው ላይ ሥልጣን የለውም። እናንተ ግን አላችሁ፣ ትፈርማላችሁ ወይም አትፈርሙም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ኮች መሆን አትችሉም፣ የሆናችሁ አስመስላችሁም አትቅረቡ። የኤቲክስ (የጥናት ሥነ ምግባር) ፈቃድ ሳይኖር ዳታ መሰብሰብ አይቻልም፤ ይህን "አንተ ምን ይመስልሃል?" ብሎ መጠየቅ የለም፣ በቀጥታ ይነገራል። መጠይቁ በአፋን ኦሮሞ ተተርጉሞ፣ በሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ተመልሶ ተተርጉሞ ካልተረጋገጠ መስክ አይወጣም። ከሰው ጽሑፍ የተገለበጠ አንቀጽ ካያችሁም እንደዚያው። ከሁሉም የሚከፋው መልሱን ወስናችሁ ጨርሳችሁ እንደ ጥያቄ ማቅረብ ነው። ተማሪ ይህን ወዲያው ያውቀዋል፣ ከዚያ በኋላ የምር ስትጠይቁትም እናንተ ልብ ውስጥ ያለውን ለመገመት ይሞክራል እንጂ አያስብም። ለይታችሁ ንገሩት፤ "ይሄ ውሳኔዬ ነው" ወይም "ይሄ ያንተ ነው፣ እየሰማሁህ ነው" በሉት።

ተማሪዎች፣ እናንተ ደግሞ ሱፐርቫይዘራችሁ ይህን እስኪማር አትጠብቁ። "ምን ላድርግ?" ብላችሁ ቢሮ አትግቡ። "ሁለት መንገድ አለ፣ እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፣ ምክንያቴ ይሄ ነው" በሉ፤ ትእዛዝ የለመደ ሰው እንኳ ምክንያት ሲቀርብለት ምክንያት ይመልሳል። አንዱ ሱፐርቫይዘራችሁ ጅማ፣ ሌላው ቤልጂየም ሆነው የሚጋጭ ኮሜንት ከሰጧችሁ፣ ድራፍቱን አንዴ ለዚህ አንዴ ለዚያ እያስተካከላችሁ ሴሚስተር አትጨርሱ። ለሁለቱም በአንድ ኢሜይል ጻፉ። የሁለቱንም ሐሳብ በአንድ በአንድ መስመር፣ ከዚያ የእናንተን ምርጫ ከነምክንያቱ አስቀምጡና፣ ተቃውሞ ካላችሁ እስከዚህ ቀን አሳውቁኝ፣ ከሌለ በዚህ እቀጥላለሁ በሉ።